ሊቀ መራጮች ልደቱ እና መቶ ሠላሳ አንዱ ካሴት

በየሰፈሩ አንድ መራጭ አለ። ዕድር የሌለው ሰፈር ይገኝ ይሆናል፤ ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ሰፈርማ ሞልቷል፤ መራጭ የሌለው ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አልታየም። መራጭና ገዥ ደግሞ ለየቅል ናቸው። ገዥ ገበያ ይወጣል፣ ይከራከራል፣ ይገዛል፣ ቤቱ ገብቶ ይጸጸታል፤ አበቃ። መራጭ ግን ጸጸቱ ጋ እንኳ አይደርስም። ዕቃውን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ያሸታል፣ ባለሱቁን ከየት መጣህ እስከማለት ይጠይቃል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል፤ በሳምንቱ ደግሞ ይመጣል።

ናዲያ ሙክታር ላይ የደረሰባት ግን ተራ መራጭ አይደለም። የደረሱባት የመራጮች ሁሉ አለቃ፣ ሊቀ መራጮች ጋሽ ልደቱ ናቸው።

ናዲያ መገናኛ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፍላሽና ስልክ ላይ ዘፈን ትጭናለች። ሱቋን በካሴት ዘመን የከፈታት አባቷ ሙክታር ነው። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመት ቢሆነውም ታፔላው ዛሬም «ሙክታር ሙዚቃ ቤት» ይላል። ጋሽ ልደቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ ዕለት ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ግቡ እስኪባሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ሱቅ ተጋብዞ የሚገባ ደንበኛ ናዲያ አይታ ስለማታውቅ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላኩ መስሏት ደነገጠች።

«ልጄ፣ አራት ሺህ ስድስት መቶ ዘፈን አለኝ» አሉ። «ስም ግን የላቸውም።»

«ስም የላቸውም ማለት?»

«ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ያስገለበጥኩበት ቤት ሁሉንም ‹ትራክ አንድ› ብሎ ሰጠኝ። ‹ትራክ አንድ› የሚባል ዘፋኝ ደግሞ አላውቅም።»

ጋሽ ልደቱ ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስም የሌለው ነገር ያማቸዋል። የፈለጉት ቀላል ነገር ነበር፤ በእያንዳንዱ ዘፈን ሆድ ውስጥ ርእሱ፣ ዘፋኙና ዓመቱ እንዲጻፍላቸው። ልጆቹ ታግ ማድረግ የሚሉት ማለት ነው።

«ይሄማ ምን ችግር አለው» አለች ናዲያ። «ታግ ማድረጊያ ፕሮግራም በነፃ ሞልቷል። አንዱን ልጫንልዎት።»

«የትኛውን አንዱን?» አሉ ጋሽ ልደቱ፤ ተቀመጡም።

ይህ የሆነው በመስከረም ነው። ጥር ሲገባ ገና እየመረጡ ነበር።

ስለ ቀደመ ታሪካቸው ያጫወታት ዱጋሳ ነው። ዱጋሳ አሁን ከካራ መገናኛ ሚኒባስ ይነዳል፤ ዱሮ ግን የሽሮ ሜዳና የእንጦጦ መስመር ላይ ስለነበር ጋሽ ልደቱን ከነሰፈራቸው ያውቃቸዋል። አንድ ቀን ፍላሹን ሊያስሞላ ሲመጣ እሳቸው ሲወጡ በር ላይ ተላለፉ። ዱጋሳ እስኪርቁ ጠብቆ፣ «እኚህ ሰውዬ እዚህም መጡ?» ብሎ ጮኸ።

«ታውቃቸዋለህ?»

«የማያውቃቸው ማን አለ! ጃንጥላ ሊገዙ ሰኔ ላይ ወጥተው ጥቅምት ላይ በጠራራ ፀሐይ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሰው እኮ ናቸው። ክረምቱን ሙሉ መርካቶን ሲዞሩ ዝናብ ሲደበድባቸው ከረመ። ስልካቸው ከተሰበረ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ የሚተካው ገና አልተመረጠም። የግቢያቸውን በር ቀለም ሊቀቡማ… ተይው፣ እሱን በዐይንሽ ካላየሽው አታምኚኝም።»

ናዲያ ሳቀች። የዱጋሳን ወሬ ግማሹን ቀንሳ መስማት ልማዷ ነው። በሁለት ወሩ ግን እንዲያውም አሳንሶ እንደነገራት ገባት።

ጋሽ ልደቱ ዘወትር ማክሰኞና ዓርብ ልክ በአራት ሰዓት ይመጣሉ። አንድ ፕሮግራም በፍላሽ ይወስዳሉ፤ ቤታቸው ባለች አሮጌ ላፕቶፕ ይፈትኑታል፤ ፍርዳቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ፍርዱ ሁልጊዜ በምስጋና ተጀምሮ በአንድ ቃል ይዘጋል፦ «ጥሩ ነው… ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል።»

የመጀመሪያው ፊደል አያውቅም። የዘፋኙን ስም በአማርኛ ሲጽፉለት እሺ ብሎ ተቀብሎ፣ በማግሥቱ ሲከፈት በስሙ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ደርድሮ ጠበቃቸው። «ሆዳሙ» ብለው ሰየሙት፤ የሰው ስም በልቶ ሳጥን የሚተፋ! ሁለተኛው ፊደል ያውቃል፤ ጠባዩ ግን የፈረንጅ ነው። ዘፋኞቹን በተራ አስቀምጥ ሲባል በአባታቸው ስም ይደረድራቸዋል። ይህን ያዩ ቀን ጋሽ ልደቱ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ናዲያ ልጄ፣ ልጁን ትቶ አባቱን ማስቀደም ምን የሚሉት ነው? አባቱ ተስፋዬ የሚባለውን ሁሉ ሰብስቦ ወንድማማች አደረጋቸው። እዚህ ውስጥ እኮ ዕድሜ ልካቸውን ተኮራርፈው የኖሩ ዘፋኞች አሉ!»

ሌላው ዓመቱ ላይ ወደቀ። እሳቸው የካሴቱን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ሲጽፉለት እሱ የፈረንጁን እያመጣ አንዱን አልበም ለሁለት ከፈለው። «እንዲህ ከሆነ ዘፋኙ በመሀል ሰባት ዓመት የት ጠፍቶ ነበር ተብሎ ይጠየቃል» አሉና ሰረዙት። አምስተኛው ደግሞ «ኃይሉ»ን፣ «ሀይሉ»ን፣ «ሐይሉ»ን እና «ኀይሉ»ን አራት ሰዎች አድርጎ አስቀመጣቸው።

«ጋሽ ልደቱ፣ ይሄ እንኳ የፕሮግራሙ ጥፋት አይደለም» አለች ናዲያ። «እንዳሻው የጻፈው ሰው ነው።»

«አውቃለሁ። ጥሩ መዝገብ ቤት ግን የባለጉዳዩን ስሕተት ከባለጉዳዩ በፊት ያውቀዋል» ብለው እሱንም አሰናበቱት።

ናዲያን አፏን ያስያዛት ዘጠነኛው ነው። ይኼኛው ዘፈኑን በጆሮው ሰምቶ፣ ኢንተርኔት ላይ ካለ ትልቅ መዝገብ ጋር አመሳክሮ፣ ስሙን ራሱ ይሞላል። ጋሽ ልደቱ የአንድ የወሎ ክራር ደርዳሪ ሥራ አሰሙት። አዳመጠ፤ አሰበ፤ የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ዘፈን ነው ብሎ ጻፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ጋሽ ልደቱ ግን በማክሰኞው ዐይናቸው ቀልቶ መጡ። ቅዳሜንና እሑድን የጃፓን ዓሣ አጥማጆችን ሲያዳምጡ ነው የከረሙት።

ናዲያ ማመን አቅቷት ቆማ አየቻቸው። «እና?»

«ቅኝቱ እውነትም ይቀራረባል» አሉ በኀዘን። «ጨርሶ አልዋሸም። ግን የጃፓኑ ዓሣውን ይዞ የሚመለስ ሰው ነው፤ የኛው ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ይሄን ጆሮ ያለው ፍጡር እንዴት ያጣዋል?»

በኅዳር መጨረሻ ደግሞ የራሳቸው ዘፈኖች ለፈተና አልበቃ አሏቸው። «የኔዎቹን አመላቸውን አውቀዋለሁ። ተማሪ በሚያውቀው ጥያቄ አይፈተንም። የማላውቀው፣ የተዘበራረቀ፣ ስም የሌለው ነገር ይኖርሻል?»

ነበራት። ሙክታር በሕይወቱ ሳለ ካሴት ሻጭ ብቻ አልነበረም። ቴፑን በትከሻው አንግቶ ከኮተቤ እስከ ካራ፣ አንዳንዴም እስከ ስልጤ ድረስ እየሄደ የዘመድ ወዳጁን ሠርግ፣ መንዙማ፣ የሽማግሌ ጨዋታ ይቀዳ ነበር። አንድ ጊዜ በደንብ አድርጎ የቀዳት ሰላምታ ነበረችው፤ እሷን እንደ ማኅተም በየካሴቱ መግቢያ ላይ ይገለብጣታል፦ «አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ የሙክታር ቀረጻ ነው። ያላችሁም የራቃችሁም ደህና ዋሉ…» እያለች አርባ ሴኮንድ ያህል ትሄዳለች። እሱ ካለፈ በኋላ ናዲያ ካሴቶቹን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠቻቸው። በዓመቱ ክረምት የመኖሪያ ቤቷ ጣሪያ አፍስሶ ካሴቶቹ እንዳልነበሩ ሆኑ። የቀሯት መቶ ሠላሳ አንድ ፋይሎች ናቸው፤ «ካሴት 1»፣ «ካሴት 2» እያሉ የሚሄዱ። ምን ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም። ስንት ጊዜ ከፍታ ሞክራለች፤ ሰላምታው ላይ ስትደርስ እንባዋ ይቀድማታል፤ ትዘጋዋለች።

ከዚህ የባሰ የተዘበራረቀ ስላልነበራት ሁሉንም በፍላሽ ለጋሽ ልደቱ ሰጠቻቸውና ረሳችው።

በጥር የአጎቷ የጠሀ ልጅ ሀሚድ ሊያገባ ቀን ቆረጠ። አጎቷ ጠሀ ራሳቸው ደወሉላት። «ናዲያ፣ ያኔ የኔን ሠርግ አባትሽ ቀድቶት ነበር። እሑድ ካራ፣ ድንኳኑ ውስጥ ብናሰማው ምን ይመስልሻል? ያኔ ከዘፈኑት ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። አባትሽም የለም።»

«ይሁን አጎቴ፣ አገኘዋለሁ» አለች። ከመቶ ሠላሳ አንድ ስም የለሽ ካሴት ውስጥ እንዴት እንደምታገኘው ግን ዘዴው አልነበራትም።

የሠርጉ ሳምንት ማክሰኞ ጋሽ ልደቱ በአራት ሰዓት ብቅ ሲሉ ሱቁ በደንበኛ ተጨናንቋል። ናዲያ ገና ከበሩ ጮኸችላቸው።

«ጋሽ ልደቱ፣ እሑድ ሠርግ አለብኝ። የአባቴን ካሴቶች በየስማቸው መለየት አለብኝ። የትኛው ፕሮግራም ይሻላል? አንዱን ብቻ ይንገሩኝ!»

«አንዱን… ገና ነው ልጄ። አሥራ ዘጠኝ ደርሰናል። አሥራ ሰባተኛው ተስፋ አለው። ይሄ ሰው ሁሉ የሚያወድሰው፣ እኔ ‹ቸኳዩ› ያልኩት ደግሞ ጥሩ ነው… ግን አንድ ነገር —»

«በአላህ ይተዉኝ ዛሬ!»

ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ። ደንበኞቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። ጋሽ ልደቱ ባርኔጣቸውን አነሱ። «ሥራ ይዘሻል። ዓርብ እነግርሻለሁ» አሉና ወጡ።

ረቡዕ ጠዋት ናዲያ ቸኳዩን አስነሳችው። ስም እሞላለሁ፣ በተራ እደረድራለሁ፣ ተደጋጋሚ የሆነውን አጸዳለሁ ይላል። ሦስት ጥያቄ ጠየቃት፤ ሦስቱንም ሳታነብ «እሺ» አለችው። አምስት ወር የመምረጥን ጣጣ ያየ ሰው ዝም ብሎ «እሺ» ማለት እንዴት ደስ እንደሚለው እሷ ታውቃለች።

ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። «ተጠናቋል» አለ። «130 ድግግሞሽ ተገኝቶ ተወግዷል።»

ቁጥሩ ወዲያው አልገባትም። ፎልደሩን ከፈተችው። አንድ ፋይል። ዘግታ ከፈተችው። አንድ ፋይል።

ክው አለች። ቸኳዩ ዘፈን የሚለየው መግቢያውን ሠላሳ ሴኮንድ ብቻ ሰምቶ ነው። የሙክታር ካሴት ሁሉ ደግሞ መግቢያው አንድ ነው። ሰላምታውን ሰማ፤ ቀጣዩን ከፈተ፤ ያንኑ ሰላምታ ሰማ፤ ይሄ የቅድሙ ነው ብሎ ጣለው። መቶ ሠላሳ ጊዜ። የተጣለ ፋይል የሚገኝበትን ቅርጫት ከፈተች፤ ባዶ ነው። የጠፋ የሚመልስ ፕሮግራም አስነሳች፤ የተቆራረጠ ጩኸት ብቻ መለሰላት። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ «ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንድ ቦታ አይታመንም» እያለች የምትሰብከው ናዲያ፣ የአባቷን ድምፅ ሁለት ቦታ አላስቀመጠችም።

ዱጋሳ ገብቶ ፊቷን ሲያይ ቆመ። «ናዲ! ምን ሆነሽ? ማን ሞተ?»

«አባቴ።»

«አባትሽማ ከሞተ —»

«እንደገና ሞተ» አለች።

ዱጋሳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ነገሩን አንድ በአንድ ሲያስነግራት ነው፣ ለጋሽ ልደቱ የሰጠችው ቅጂ ትዝ ያላት። ብድግ አለች። ወዲያው ደግሞ መልሳ ተቀመጠች። ጋሽ ልደቱ በዚያ ቅጂ ላይ አሥራ ዘጠኝ ፕሮግራም ፈትነውበታል። ቸኳዩንም ጭምር።

«ደውዪላቸዋ!»

«በምን? ስልክ ገና አልመረጡም!»

«እንግዲያ ተነሺ» አለ ዱጋሳ። ተራውን ለባልደረባው ለቀቀ፤ ከሚኒባሱ ላይ የካራን ታፔላ አወረደ፤ ናዲያን ጋቢና አስቀምጦ በስድስት ኪሎ በኩል ሽሮ ሜዳን አልፎ ዳገቱን ተያያዘው። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ያቃስታል፤ ናዲያ መስኮቱን ይዛ መንገዱን ታያለች። እንጦጦ ማርያምን አለፍ እንዳሉ ብርዱ ገባ። ዱጋሳ ከባሕር ዛፉ ሥር አቁሞ በጣቱ አሳያት። «ያውልሽ። አሁን እመኚኝ።»

የግቢው በር ዘጠኝ ቦታ ዘጠኝ ዓይነት ቀለም ተቀብቷል። እያንዳንዱ እንጀራ በሚያህል ክብ። ከየሥሩ የተቀባበት ቀን በእርሳስ ተጽፏል። የመጀመሪያው የስምንት ዓመት ዕድሜ አለው። ናዲያ ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ትፈነዳ ነበር፤ ዛሬ ግን ይብስ ፈራች። በር ቀለም ላይ እንዲህ የሞከሩ ሰው የአባቷን ድምፅ ምን አድርገውት ይሆን?

የጋሽ ልደቱ ባለቤት እትዬ ሥርጉት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከፈቱላት። «የመገናኛዋ ናዲያ ነሽ» አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም። «ግቢ። ከአባትሽ ጋር ናቸው።»

ናዲያ በሩ ላይ ቆመች። ከውስጥ፣ ከሳሎኑ፣ የሙክታር ድምፅ ይሰማል። ሰላምታው አልነበረም። አንድ ሰው ላይ እየሳቀ ነው። ይህን ሳቅ ከሰማች ስድስት ዓመቷ ነው።

ጋሽ ልደቱ መነጽራቸውን አውልቀው ተነሡ። ናዲያ የሆነውን ሁሉ ቆማ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ቸኳዩ» አሉ በመጨረሻ። «ሰውን በሰላምታው ብቻ ነው የሚያውቀው። ትናንት ልነግርሽ የነበረው እሱን ነው።»

«እርስዎም ሞክረውታል? በአባቴ ካሴቶች ላይ?»

«በደንብ አድርጌ።»

«እና ጠፉ?»

«ከቅጂው ጠፉ እንጂ!» ጋሽ ልደቱ እንደተሰደበ ሰው ተቆጡ። «አንቺ ደግሞ፣ ዋና መዝገብ ላይ ሙከራ ይሠራል እንዴ? ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ዋናው ከክፍሉ ወጥቶ አያውቅም። ሚኒስትሩ ልከው ሲጠይቁ እንኳ ግልባጭ ነው የሰጠኋቸው።»

ላፕቶፑን አዞሩላት። አሥራ ዘጠኝ ፎልደር፣ በአሥራ ዘጠኙ ፕሮግራም ስም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሃያኛው፦ «ዋና። አይነካም።» ናዲያ በጣቷ እየጠቆመች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ቆጠረቻቸው። መቶ ሠላሳ አንድ። እንደገና ቆጠረቻቸው። ከዚያ ሳትጋበዝ ተቀመጠች።

«የአጎትሽ ሠርግ ነው የፈለግሽው?» አሉ ጋሽ ልደቱ። «ስማቸው ማነው?»

«ጠሀ። ግን የትኛው ካሴት እንደሆነ…»

ጋሽ ልደቱ ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም ባሕር መዝገብ አወረዱ፤ እንደ መሥሪያ ቤቶቹ፣ ጠርዙ ቀይ የሆነ። ምራቃቸውን ጣታቸው ላይ አስነክተው ገለጡ። ናዲያ አንገቷን አስግጋ ታነባለች።

«ካሴት 12። ሠርግ። ዝናብ አለ። ጀነሬተር ሁለቴ ጠፍቷል፤ ሰው ግን መዝፈኑን አላቆመም።» «ካሴት 58። መንዙማ። የሚመሩት ሽማግሌ ሲጀምሩ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሃያ ዓመት ጎልማሳ ይሆናሉ።» «ካሴት 71። ተረት ይመስላል። ሁሉም ይስቃል። ምክንያቱ አልታወቀም።»

በጽሕፈቱ ደነገጠች። እያንዳንዱ ካሴት ገጽ አለው። እያንዳንዱ ገጽ፣ የስልጥኛው ንግግር ሳይቀር ተጽፎበት፣ ሞልቷል።

«ስልጥኛ ያውቃሉ እንዴ ጋሽ ልደቱ?»

«ከየት አባቴ አውቄ! እንደሰማሁት በፊደል ጻፍኩት። ያልሰማሁትን ደግሜ ሰማሁት። ይኸውና ካሴት 83፤ ሠርግ፤ ሙሽራው ጠሀ። ስሙ አሥራ አንድ ጊዜ ተጠርቷል። ሠላሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሙክታር ራሱ ይናገራል። ስምሽ ያለበት መሰለኝ፤ የቀረው አልገባኝም።»

ናዲያ መስመሩን በጣቷ ተከተለች። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ድምፁን ብቻ ይዞ፣ ሆሄ በሆሄ የለቀመው ነው። ጮክ ብላ አነበበችው። ደግማም አነበበችው።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ ሥርጉት ከበሩ ላይ።

«‹ናዲያ ተኝታለች› ነው የሚለው። ‹አታሞውን ወደዚያ ራቅ አድርጉት›።»

ጋሽ ልደቱ ብዕራቸውን አንሥተው ትርጉሙን ከሥሩ ጻፉት።

«ለምን አልነገሩኝም?» ናዲያ እንባዋንም ቁጣዋንም መለየት አልቻለችም። «መቶ ሠላሳ አንዱንም አዳምጠው ጨርሰዋል! በየሳምንቱ ሁለቴ እየመጡ ስለ ሳጥንና ስለ ጃፓን ያወሩኛል እንጂ ይሄን አንድ ቀን እንኳ አላነሱትም!»

ጋሽ ልደቱ ከልባቸው ግራ ተጋቡ። «እንዴት ልንገርሽ ልጄ? ገና ፕሮግራሙን አልመረጥኩማ!»

ናዲያ ስትወጣ እትዬ ሥርጉት እስከ በሩ ሸኟት። «አትፍረጂባቸው» አሉ፣ ከዘጠኙ ቀለም አንዱን በመዳፋቸው እየዳበሱ። «እኔንም ሰባት ዓመት ነው የመረጡኝ።»

«ሰባት ዓመት! አልተናደዱባቸውም?»

«ተናድጄ ነበር። ጓደኞቼ በሁለት ወር ተመርጠው በሦስት ዓመት እናታቸው ቤት ሲመለሱ ሳይ ተውኩት።» ወደ ሳሎኑ ዞር ብለው አዩ። «ጡረታ የወጡ ሰሞን ያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ሲያዩ ይውሉ ነበር። አሁን ማክሰኞና ዓርብ ሲሆን በጠዋት ተነሥተው ይላጫሉ።»

እሑድ ካራ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ካሴት ሰማንያ ሦስት ተሰማ። አጎቷ ጠሀ የራሳቸውን ሠርግ ቆመው ሰሙት፤ የሞቱት ሁሉ በተራ በተራ ሲዘፍኑ አሮጊቶቹ በየስማቸው ይጠሯቸው ጀመር። ሠላሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ ናዲያን አያት። ጋሽ ልደቱም ተጋብዘው ከነባለቤታቸው መጥተዋል። ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ በተዘጋጀው ጠረጴዛ ፊት ሳህናቸውን ይዘው ቆመው፣ ከጥብሱና ከአልጫው የቱን ላስቀድም እያሉ ሲያመዛዝኑ ሰልፉ ከኋላቸው እስከ ድንኳኑ በር ደረሰ። ዱጋሳ ከሰልፉ መሀል ሆኖ ራሱን ይዟል።

ከዚያ በኋላ ናዲያና ጋሽ ልደቱ የሙክታርን ካሴቶች ከመዝገቡ ላይ እያዩ አንድ በአንድ በእጃቸው ጻፏቸው፤ ያለ ማንም ፕሮግራም ምክር። አንዱን ቅጂ እሳቸው ወሰዱ፣ አንዱን አጎቷ፣ ሁለቱን እሷ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ለናዲያ ትልቁ ጉድ የመጣው ግን መጋቢት ላይ ነው። ማክሰኞ በአራት ሰዓት ጋሽ ልደቱ ደረሱ። አልተቀመጡም።

«መርጫለሁ» አሉ።

ናዲያ በእጇ የያዘችው ፍላሽ ወደቀ። «ምን አሉ?»

«አሥራ ሰባተኛውን። አስቤበታለሁ። አራት ሺህ ስድስት መቶውን በሦስት ሳምንት እጨርሰዋለሁ። እንግዲህ አስቸግሬሻለሁ ልጄ፤ እግዜር ይስጥልኝ።» እጃቸውን ለስንብት ዘረጉ። ፊታቸው ላይ የጨረሰ ሰው ደስታ አልነበረም። ዓይናቸው ከእሷ ትከሻ በላይ ግድግዳውን ያያል።

ናዲያ እጃቸውን ጨበጠችና አልለቀቀችውም። ይህን ቀን ስትመኝ ስንት ወር አሳለፈች! አሁን ግን ዓርብ በአራት ሰዓት ባዶ የሚሆነውን በር አስባ ደነገጠች።

«የቱን እትም?» አለች።

«እንዴት የቱን እትም?»

«አዲሱ ሊወጣ ነው እኮ ይላሉ። የፊደሉን ነገር አሻሽለውታል። ‹ሀ›ንም ‹ሐ›ንም አንድ አድርጎ የሚያይ… ከእሱም ጋር የሚወዳደሩ ሌሎች ሦስት አሉ።» ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም። ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል፤ እሳቸው ግን ጆሮዋን አላዩም።

«ሦስት?» አሉ ጋሽ ልደቱ።

«ቢያንስ።»

ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ። «እንግዲያማ ዝም ብሎ መዝለቅ አይገባም» አሉ፤ ደስታቸውን ሊደብቁ ሞክረው አልሆነላቸውም። «መቼ ነው የሚወጡት?»

«እሱ ገና አልታወቀም» አለች ናዲያ፤ ወደ ኮሪደሩም ብቅ ብላ ሁለት ሻይ አዘዘች።